ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ያለው ውሃ

«የሰማችሁ ላልሰማችሁ ንገሩ! በእድራችን ክልል፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ለሕንፃ መሠረት በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ፣ ንብረትነቱ የኮንትራክተሩ የሆነ አንድ የውሃ ፓምፕ ትናንት ማታ በድንገት ወድቋል! ፓምፑን ለማውጣት ጠላቂ ስለሚገባ ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ እንዳይጠጋ እድሩ በትሕትና ያሳስባል!»

ይህን ያወጀው የእድሩ ለፋፊ ገብረሕይወት ነው፤ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ በሐምሌ ብርድ፣ ድምፅ ማጉያውን በፌስታል ሸፍኖ። ገብረሕይወት ለፋፊ ከሆነ ጀምሮ ከሞት በቀር ያወጀው ነገር የለም። ድምፁም ለሌላ ነገር አልተሠራም። «ወድቋል» የምትለዋን ቃል ሲያረዝማት ፓምፑ ሚስትና ልጆች ትቶ ያለፈ ነበር የሚመስለው። ስለዚህ ሰው እንደ ልማዱ ወጣ። ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ወንዶች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በየበሩ ቆሙ።

«ማነው?» አለች ሌሊት ወሬው ያልደረሳት አንዲት ተከራይ።

«ፓምፕ ነው።»

«የማን?»

«የኮንትራክተሩ።»

«አይ፣ ነፍስ ይማር» አለች፣ ገና እንቅልፉ ሳይለቃት።

የሳቀ የለም። ከእሷ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ያውቃል። አያውቁም የተባሉት እትዬ ሓዳስ ብቻ ናቸው፤ ልፈፋውም የተለፈፈው ለእሳቸው ጆሮ ነው።

ባሮክ ይህን ሁሉ የሰማው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ የጎማ ልብሱን ዚፕ እየሳበ ነበር። ባሮክ ጠላቂ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ጊዮርጊስ ሥር ነው፤ እንጀራው ግን ከግድብ ግድብ ሲያዞረው ይከርማል። የውሃ በር ሲዝግ፣ ወንፊት ሲደፈን፣ ሲሊንደሩን አዝሎ ይገባና ይጠግናል። ብረት ያውቃል፤ ኮንክሪት ያውቃል። ሰው አውጥቶ ግን አያውቅም። ይህን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። ሰው ማውጣት ሥራቸው የሆነ ጠላቂዎች ያን ሰሞን በሙሉ ጎርፍ መኪና ከነተሳፋሪው በወሰደበት የከተማው ሌላ ጫፍ ነበሩ። ሌሊቱን የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሀብተሥላሴ ደውለው «ና» ሲሉት መጣ። እምቢ የሚባልበት ስልክ አልነበረም።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሉልሰገድ ነው፤ ወርቅ ሠሪው፣ የእትዬ ሓዳስ አንድ ልጅ፣ የባሮክ የክፍል ጓደኛ። ባሮክ ጠላቂ ልሆን ነው ያለ ቀን፣ ካፌ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ፣ «የት ነው የምትጠልቀው? ፍልውሃ ገብተህ የጠፋ ሳሙና ልትፈልግ?» ያለው እሱ ነበር። ቀልዱ ባሮክን አሥር ዓመት ተከትሎታል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ሰኞ ማታ በረዶ ወረደ። ጎርፉ ቁልቁል ሲመጣ አስፋልቱን፣ የእግረኛውን መንገድና የጉድጓዱን አጥር አንድ አደረጋቸው። ሉልሰገድ ሱቅ ዘግቶ፣ ጃንጥላ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከኋላው ተስፋማርያም ይመጣል፤ አትክልት ተራ የሽንኩርት ጆንያ የሚሸከም፣ በሬ የሚያህል የሰፈር ልጅ። ሉልሰገድ መንገዱ መሃል ጎርፉ ውስጥ ሲደናበር አየውና «ሉሌ፣ ጥግህን ያዝ!» ብሎ ጮኸለት። ሉልሰገድም ጥጉን ያዘ። ጥጉ የጉድጓዱ ጥግ ነበር። የአጥሩ ቆርቆሮ ወደ ውስጥ እጥፍ አለ፤ ጃንጥላው ውሃው ላይ ትንሽ ዞረ፤ ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ሌሊት ጋሽ ሀብተሥላሴ ቤት ሽማግሎቹ ተሰበሰቡ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል፤ በማለዳ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ተዘጋጅቶ። አስከሬኑ ሳይወጣ ግን መርዶ ተናግረው እናትን ምን ሊያደርጓት ነው?

«ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው የምትቀመጠው» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። «ዝናብ ነው። ስኳር አለባት። አንድ ለመቅበር ሄደን ሁለት ልንቀብር ነው።»

በዚህ ሁሉም ተስማማ። ለእትዬ ሓዳስ የወርቅ ቤቱ ባለቤት ደውሎ፣ ሉልሰገድን ለአስቸኳይ ጉዳይ በሌሊት ድሬዳዋ እንደላከው ነገራቸው። ስልኩ ለምን አይሠራም ሲሉ «ኔትወርክ የለም» አላቸው። በዚህ አገር እንደዚህ በቀላሉ የሚታመን ውሸት የለም። የቀረው ችግር ጠላቂው ነበር። የእትዬ ሓዳስ ሻይ ቤት ጉድጓዱ ፊት ለፊት ነው፤ በሩን ከፈት ሲያደርጉ የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ያያሉ። ምን ወደቀ ይባል?

«ሲሚንቶ እንበል።»

«ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ ገብቶ በጠላቂ ይወጣል እንዴ? ኮንክሪት ሆኗልኮ!»

«በግ እንበል።»

«በጉ የማን ነው ስትለንስ? ባለቤት ልንፈልግለት ነው።»

«ፓምፕ» አለ ገብረሕይወት ከጥግ።

ፓምፕ ዘመድ የለውም። የሚጠይቅለት የለም። ጸደቀ። ገብረሕይወትም ሐሳቡ የእሱ ስለሆነ ራሱ እንዲለፍፍ ተፈቀደለት፤ በዚያ ቤት ከነበሩት ሽማግሎች አንዱም እንኳ «ቆይ፣ በዚህ ሰውዬ አፍ?» አላለም። እድር ለዘመናት በአንድ አፍ ሲናገር ኖሮ፣ በሌላ አፍ መናገር እንደሚቻል ትዝ አይለውም።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ይህን ሁሉ ለባሮክ ካስረዱ በኋላ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ እናንተ ጴንጤዎች ውሸት እንደማትወዱ አውቃለሁ።»

«እናንተስ ትወዳላችሁ ጋሼ?»

«እኛም አንወድም። ግን ንስሐ አለን። ብትጠይቅህ ፓምፕ በል።»

*

የጉድጓዱ ውሃ ማኪያቶ ነው። ያን የመሰለ ከለር ፒያሳ ውስጥ የትኛውም ካፌ አይሠራም፤ ከላይ አረፋ አለው፣ ሥሩ ጥቁር ነው። ባሮክ በመሰላል ወርዶ መተንፈሻውን ነከሰ፣ የእርሳስ ቀበቶው ክብደት ወደ ታች ወሰደው። ጭንቅላቱ ሲሰጥም ብርሃኑ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያ ጠቆረ፤ ከዚያ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አላየውም። ባትሪውን አበራ። ባትሪው ቡናማውን ግድግዳ ወደ አፍንጫው ከማቅረብ በቀር አልጠቀመም። አጠፋው።

እንዲህ ዓይነት ውሃ ውስጥ ዓይን ጌጥ ነው። የሚሠራው እጅና ገመድ ነው። ገመዱ ከወገቡ ታስሮ ላይ ተስፋማርያም እጅ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከሳበ ደህና ነኝ ነው፤ ሁለት ጊዜ ልቀቅልኝ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሳበ ደግሞ ገመዱን ከራሱ ፈትቶ ያገኘው ነገር ላይ አስሮታል፣ ሳቡ ማለት ነው። ባሮክ ገመዱን ወጥሮ፣ እንደ ታሰረ በግ ግማሽ ክብ እየዞረ፣ ወለሉን በእጁ ዳበሰ። ጭቃ። ጣውላ። ሚስማር ያለው ጣውላ። የሠራተኛ ቦት ጫማ፤ ውስጡን ዳበሰ፣ እግር የለውም። የከፋው ፌሮው ነበር። ለምሰሶ የተተከለው ብረት ከወለሉ እንደ ሸምበቆ በቅሏል፤ አንዱ ልብሱን ይይዛል፣ ያንን ሲያስለቅቅ ሌላው ቱቦውን ይጎትታል። ግድብ ውስጥ ብረት ሥርዓት አለው። እዚህ ብረቱ እንደ ሰፈሩ ነው፤ ሁሉም ወደ ፈለገበት ዞሯል።

የመጀመሪያውን ሲሊንደር ጨርሶ ሲወጣ ከላይ እትዬ ሓዳስ ሻይ ይዘው ቆመው ነበር። ሽማግሎቹ በአንድ ጊዜ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመሩ።

«የራኬብ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ እትዬ።»

«እናትህ እንዴት ናት? በል ጠጣ፣ ዝንጅብል አለው።» ቀጭን ናቸው፤ ስካርፋቸውን ግንባራቸው ድረስ አስረዋል። ብርጭቆውን ሲሰጡት ጣታቸው ረጋ ያለ ነው። «ታየህ ታዲያ?»

«ም... ፓምፑ? አይ። ውሃው ድፍርስ ነው እትዬ፤ የራሴ እጅ እንኳ አይታየኝም።»

«በምንድነው ታዲያ የምትፈልገው?»

«በመዳበስ ነው።»

«በመዳበስ» አሉ እሳቸው። «ታች ይበርዳል?»

«ይበርዳል።»

ባዶ ብርጭቆውን ተቀብለው ሄዱ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሰማዩን ተዉና ወደ ባሮክ መጡ። «አየህ? አልነቃችም።»

ተስፋማርያም ገመዱን እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ እኔን ከጠየቁኝ እትዬ ነቄ ናቸው» አለ።

«ዝም በል። ልጇ የሞተባት ሴት ዝንጅብል ትቀጠቅጣለች?»

ከሰዓት ዝናቡ ጀመረ። ጎርፉ በተቀደደው ቆርቆሮ በኩል ቀይ ጭቃ እያንዶቀዶቀ ሲገባ ውሃው ማኪያቶ መሆኑ ቀርቶ ሽሮ ሆነ። ባሮክ ግን ገባ። ታች ሆኖ ጎርፉ ሲገባ አያየውም፤ በደረቱ ይሰማዋል፤ ውሃው ይገፋዋል፣ ይመልሰዋል፣ የነበረበትን አቅጣጫ ያስረሳዋል። በመሃል እጁ የሆነ ነገር ላይ አረፈ። ድንብልብል፣ ከባድ፣ ግማሹ ጭቃ የዋጠው። ከጎኑ ረዘም ያለ፣ የሚታጠፍ፣ ክንድ የመሰለ ነገር ወጥቷል። ባሮክ እጁን ከዚያ ላይ ለማንሣት ፈለገ፤ አላነሣም። ሳይዳብስ፣ ሳያጣራ፣ ጥርሱን ነክሶ ገመዱን ከወገቡ ፈታ፤ ያንን ነገር ጠፍሮ አሰረና ሦስት ጊዜ ሳበ።

ላይ ያሉት ሳቡ። ጋቢ ተዘርግቶ ተጠበቀ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አንዲት ሴት «ወዬው ልጄን!» ብላ ጀምራ፣ ሻይ ቤቱን ስታይ ወደ ሳል ለወጠችው። ከውሃው ውስጥ ጭቃ እያንጠባጠበ፣ ቱቦው ከጎኑ ተንጠልጥሎ የወጣው ግን ፓምፕ ነበር።

እውነተኛ ፓምፕ። ኮንትራክተሩ አምና ጠፋብኝ ብሎ ሁለት ዘበኛ ያባረረበት።

ሰው ሁሉ ፓምፑን ከቦ ቆመ። ጋቢውን የዘረጉት ሰዎች ጋቢውን እንደዘረጉ ቀሩ። እትዬ ሓዳስ ከሻይ ቤታቸው በር ላይ ሆነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ተገኘ እንዴ? እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን! በሉ እንግዲህ ወደየቤታችሁ ግቡ፣ በረዳችሁ!» አሉ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁለት ናቸው፣ ሓዳስ።»

«ሁለት?»

«ፓምፖቹ። ሁለት ናቸው የወደቁት።»

እትዬ ሓዳስ ሽማግሌውን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «እንግዲያው ሁለተኛውንም ያውጣላችሁ» ብለው ገቡ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ገብረሕይወት፣ ማንም ሳያዘው፣ ነገሩን መልክ ለማስያዝ ብሎ፣ አንደኛው ፓምፕ የተገኘ መሆኑንና የሁለተኛው ፍለጋ የቀጠለ መሆኑን ለሰፈሩ በዚያው ድምፅ አረዳ።

*

ማታውን ዝናቡ ዐረፈ። ጭቃውም ሌሊቱን ሲወርድ አደረ፤ ረቡዕ ጠዋት ባሮክ ሲመጣ ውሃው ፊቱን ቀይሮ ጠበቀው። የላይኛው ክንድ ተኩል አረንጓዴ ሆኗል፤ ጠጠር ቢወረውር ሲሰጥም ትንሽ ይታያል። ግን ሌላ የመጣ ነገርም ነበር። የኮንትራክተሩ ኢንጂነር ጃንጥላ ይዞ አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብሏል። አስፋልቱ በረጅሙ ተሰንጥቋል።

«መንገዱ እየሄደ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «አንድ ዝናብ ከጣለ ይሄ ሁሉ ወርቅ ቤት እዚህ ውስጥ ነው የሚገባው። ዛሬውኑ ይሞላ ተብሏል።»

«ምን ይሞላ?»

«ጉድጓዱ። በገረጋንቲ።» ቁልቁለቱ ላይ የተሰለፉትን ገልባጭ መኪናዎች በአገጩ አሳየ። ሞተራቸው አልጠፋም። «እስከ ምሳ ሰዓት ታገኘዋለህ?»

«ካላገኘሁትስ?»

ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ። ጋሽ ሀብተሥላሴ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ያዙ። ሰው ከነኮቱ ሕንፃ ሥር ሊቀር ነው። በላዩ ላይ ካፌ ሊከፈት፣ ባንክ ሊከፈት፣ ሰው አሳንሰር ሊሳፈር ነው፤ እናቱ ከፊት ለፊቱ ሻይ እያፈላች፣ ድሬዳዋ ኔትወርክ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ባሮክ ይህን ሁሉ በአንዴ አሰበው። ሰማዩን አየ። እንጦጦ ላይ ጥቁሩ ደመና ተቆልሏል።

ያን ቀን ሻይ አልመጣም። የሻይ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ነው።

«ገመዱን እንዳትለቅ» አለው ለተስፋማርያም።

«ሞቼ ነው?» አለ ተስፋማርያም። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከሰኞ ጀምሮ የተኛ አይመስልም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባሮኬ፣ ጥግ ያዝ ያልኩት እኔ ነኝኮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ለማንም አልነገርኩም።»

«አውቃለሁ አልኩህ፤ ከፊትህ ያስታውቃል። ገመዱን ያዝ።»

ሲገባ የላይኛው ውሃ ተቀበለው፤ እጁ ታየው፣ ክርኑ ታየው። ወረድ ሲል የትናንቱ ድፍርስ እንዳለ ጠበቀው። በዚያ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ወረደ፤ መክፈትም አለመክፈትም አንድ ነው። ወለሉ ላይ ሲደርስ ትናንት ያልደረሰበትን የመንገዱን ወገን ያዘ። ፌሮውን እየቆጠረ ሳይሆን እየተለማመጠ፣ አንዱን ለቆ አንዱን እየያዘ ሄደ። ድንገት ውሃው ቀዘቀዘ። በጎማው ልብስ ውስጥ እንኳ አጥንቱ ድረስ ቀዘቀዘ። ዓይኑን ገለጠ።

ምንጭ ነበር። ከግድግዳው ሥር የከርሰ ምድር ውሃ ይወጣል፤ ጭቃውን እየገፋ ለራሱ አንድ ጓዳ የምታህል ጥርት ያለ ቦታ አበጅቷል። ባሮክ ሁለት ቀን ሙሉ በቡናማ ጨለማ ከዳከረ በኋላ መስኮት የተከፈተለት መሰለው። ባትሪውን አበራ። ፌሮው በረድፍ ቆሞ ታየ፤ የሚስማሩ ዝገት፣ የጣውላው ቋጠሮ ሳይቀር ታየ።

ሉልሰገድም ታየ።

ቆሟል። የኮቱ እጅጌ ከላይ በፌሮ ተይዞ፣ እግሩ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጥግ ይዞ ቆሟል። ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። ምንጩ ሲገፋው ትንሽ ወዝወዝ ይላል፤ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው። ባሮክ ስለ ጓደኛው የሚያውቀው ነገር ሁሉ ቀልድ ነበር፤ እዚያ ታች ሆኖ የሚመልስለት አንዲት ቃል አልመጣችለትም። መተንፈሻው ውስጥ የራሱ ትንፋሽ ብቻ እንደ ወናፍ ይጮኻል።

ከላይ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚበተን ነበር፤ ከዚያ ጠጠሩ ተዘረገፈ። በረዶ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ከላይ ጠፋ። ከመንገዱ ወገን ከባድ ነገር ሲደረመስ ውሃው ደረቱን መታው፤ ባሮክ ቀና ሲል ቡናማው ደመና ግድግዳውን ተከትሎ ቁልቁል ሲንደረደር አየ። ቢላዋውን መዘዘ። የሉልሰገድን ክንድ ያዘ፤ ደመናው የሉልሰገድን ትከሻ ሸፈነ፤ ጆሮውን ሸፈነ፤ ከዚያ ምንም የለም። መስኮቱ ተዘጋ።

ቀሪውን የሠራው እጁ ነው። እጅጌውን በቢላዋ ቀደደ፤ የራሱንም ጣት አብሮ ቀደደ። የተለቀቀው ሰው ዞሮ ደረቱ ላይ ወደቀበት፤ ባሮክ ጮኸ፣ ጩኸቱ አረፋ ሆኖ ወጣ። አቀፈው። ሌላ የሚያዝበት መንገድ አልነበረም። ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ በብብቱ ሥር አዞረለት፣ አጠበቀ፣ ቋጠሮውን ደጋግሞ ዳበሰ። የአየር መለኪያውን መነጽሩ ላይ ለጥፎ አየ፤ መርፌዋ ቀዩ ላይ ነች። ሦስት ጊዜ ሳበ።

ገመዱ አልተነቃነቀም።

ጠበቀ። ደግሞ ሦስት ጊዜ ሳበ። ገመዱ አልላላም፤ አልተወጠረምም፤ አንድ ሰው ይዞት ምን እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስላል። መንገዱ ተደርምሶባቸው ይሆን? ሸሽተው ይሆን? ገልባጮቹ መገልበጥ ጀምረው ይሆን? ትንፋሹን ቆጠበ። ጓደኛውን አቅፎ፣ ዓይን በማይሠራበት ጨለማ፣ ከላይ በረዶው ሲቀጠቅጥ እየሰማ ቆመ። ብቻውን ልውጣ ብሎ አሰበ። ከለቀቀው ግን ተመልሶ አያገኘውም፤ ማንም አያገኘውም። ለሦስተኛ ጊዜ ሳበ፤ ይህኛው ምልክት አልነበረም፣ ልመና ነበር።

ያኔ ገመዱ ተሳበ።

ተስፋማርያም እንዳልሆነ ወዲያው አወቀ። ተስፋማርያም ሲስብ ጆንያ እንደሚነጥቅ ነው፤ ዘለግ አድርጎ፣ ነዝሮ። ይህ ሌላ ነው። አንድ ክንድ ይመጣል፣ ያርፋል፤ አንድ ክንድ ይመጣል፣ ያርፋል። ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ባልዲው እንዳይፈስስ የሚሳብ አሳሳብ ነው። ኃይል የለውም፤ ግን አያቋርጥም። ባሮክ አንድ እጁን ከሉልሰገድ ማጅራት ሥር አድርጎ፣ በሌላው ፌሮውን ከፊታቸው እየገፋ አብሮ ወጣ። ጥቁሩ ቡናማ ሆነ፤ ቡናማው ግራጫ ሆነ፤ መነጽሩ ላይ በረዶ ተንኳኳ።

ጭንቅላቱ ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየው መሬቱን ነው። ነጭ ሆኗል። በነጩ ላይ ሰዎች ቆመዋል። ጋሽ ሀብተሥላሴ ጋቢውን እንደታቀፉ ናቸው። ገብረሕይወት ድምፅ ማጉያውን ደረቱ ላይ ይዟል። ተስፋማርያም ባዶ መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ኢንጂነሩ አለ፤ የገልባጮቹ ሾፌሮች ወርደው አሉ። አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። በረዶው ፀጉራቸው ላይ፣ ትከሻቸው ላይ ይከመራል፤ አያራግፉትም።

ከሁሉም ፊት፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ እትዬ ሓዳስ አሉ። አንድ ጫማቸውን ጭቃው ወስዶታል። ገመዱን በወገባቸው አዙረው፣ ባዶ እግራቸውን ጣውላው ላይ ተክለው፣ ክንድ በክንድ ይስባሉ። አያለቅሱም። ወደ ኋላቸው ዞረው ማንንም አላዩም።

ባሮክ መተንፈሻውን ከአፉ አወጣ። ሊናገር ፈለገ፤ የተዘጋጀው ቃል አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም አፉ ላይ አልመጣም።

«ወደይ፣ ልጄ» አሉት እትዬ ሓዳስ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳይነቅሉ፣ ሻይ ሲያቀርቡ በሚናገሩበት ድምፅ። «ራሱን ደገፍ አድርግልኝ። ብረቱ እንዳይመታው።»

አንድ ጊዜ ብቻ ቆም አሉ፣ ገመዱን አስተካክለው ለመያዝ። ከዚያ መሳባቸውን ቀጠሉ።